ሲስቡት የሚፈታ ቋጠሮ

ሐሙስ ሲሆን የአዛውንቶቹ አዳራሽ የመድኃኒትና የአሮጌ ካፖርት ሽታውን ትቶ እርጥብ አፈር ይሸታል። ከጧት ጀምሮ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ በየወንበራቸው ተደርድረው፣ ባዶ ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በሩን በሩን ያያሉ። የሚጠብቁት የጎመኑን መኪና ነው። ቅጠሌም አብራቸው በሩን ታያለች፤ እሷ ግን የምትጠብቀው ጎመኑን አልነበረም። ይህንን አዳራሽ ሙሉ ሰው ያውቀዋል፤ የተደበቀ የሚመስላት እሷ ብቻ ነች።

ቅጠሌ ያሏት አዛውንቶቹ ናቸው። የአዳራሹ ኃላፊ ተብላ ስትቀጠር ሥራዋ ወንበር መደርደርና ሻይ ማፍላት ነበር። ሰዎቹ ምሳ ብለው ደረቅ ዳቦ በሻይ ሲነክሩ አይታ አይታ አንድ ቀን ሆዷ እምቢ አላት። በእነሱ ጡረታ ገበያ ወጥቶ ቲማቲም መግዛት ዘበት ነው። ከከተማው ዳርቻ ደግሞ ማሳው ሞልቶ ተርፎ፣ ቅጠሉ ቆራጭ አጥቶ ቢጫ እየሆነ ይወድቃል። ተነሣችና በእግሯ እየዞረች የእርሻ ባለቤቶችን በር አንኳኳች። አንዱ ሳቀባት፣ ሌላው ውሻ ለቀቀባት፤ እሺ ያሏት ከወንዙ ማዶ ያለው የትልቁ እርሻ ባለቤት ብቻ ነበሩ። ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። እትዬ ሲሰጡ አይሰስቱም፤ ከገበያ የተረፈ ሳይሆን በዚያው ጧት የተለቀመ ነው የላኩት። ይዞ የመጣውም አንድ ወንድ ልጃቸው ነበር።

የዚያን ቀን የሆነውን ነገር ቅጠሌ ዛሬም አትረሳውም። እናቷ ከአዛውንቶቹ አንዷ ነች። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፍታ ኖራ፣ አሁን ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል ሥር ተጣመዋል። ሐኪሙ ደምሽ አንሷል፣ ቅጠል ብይ ካላት ቆይቷል፤ ከየት አምጥታ እንደምትበላ ግን አልነገራትም። የደረሳትን አንድ እስር ቆስጣ ይዛ ቃጫውን ልትፈታ ታገለች። እምቢ ቢላት ሰው እንዳያያት ጀርባዋን አዙራ በጥርሷ ያዘችው። ጥርሷም ከጣቷ አልተሻለም። ልጁ ሳጥን እያወረደ አያት፤ ምንም ሳይናገር መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

በሚቀጥለው ሐሙስ የመጣው ቅጠል፣ አንዱም ሳይቀር፣ አስተሳሰሩ ተለውጦ ነበር። ከእያንዳንዱ እስር ረዘም ያለ የቃጫ ጫፍ ተንጠልጥሏል። ያንን ጫፍ በአንድ ጣት ሳብ ሲያደርጉት ቋጠሮው ፍትት ይላል። እናቷ ሳበችው፤ ተፈታ። የጎረቤቷን እስር ተሻምታ ሳበች፤ እሱም ተፈታ። ሌላም ጨመረች፤ እንደ ሕፃን እየሳቀች የሰውን ሁሉ ጎመን በተነች። ቅጠሌ ያኔ እየሳቀች ቀና ብላ ልጁን አየችው። እሱም ያያት ነበር። አለቀላት።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስና ሐሙስ መካከል ያለው ጊዜ ረዘመባት። አዛውንቶቹ ልጁን ባለቋጠሮው ብለው ጠሩት። ወሬ አያበዛም፤ ሳጥኑን ሲያቀብላት ጣቱ ጣቷን ከነካ ቀኑን ሙሉ ይበቃዋል። ከአዛውንቶቹ መካከል አፋቸው ዝም የማይለው ጡረተኛው ሾፌር አንድ ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ፦

"ባለቋጠሮው፣ ጎመኑን ታወርዳለህ፣ ዓይንህን ግን ከልጅቷ ላይ የሚያወርድልህ ወዛደር አጣህ?" አሉት።

አዳራሹ በሳቅ ተንፈቀፈቀ። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። ሲወጣ በሩ አጠገብ ቆም ብሎ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "ለእናቴ ልነግራት ነው" አላት። ቅጠሌ ደስታው እንዳይታወቅባት ባዶ ሳጥን አቅፋ ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያም ሳጥኑን እንዳቀፈች ቆመች።

*

እትዬ ሲያስጠሯት ጸጉሯን ሁለት ጊዜ አበጥራ ነው የሄደችው።

በእርሻው የአትክልት ማሸጊያ ቤት ውስጥ ሠራተኞቹ ካሮት ያጥባሉ፤ ወለሉ ውሃ በውሃ ሆኗል። እትዬ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ቆመው ቲማቲም ይለያሉ። እያንዳንዱን በእጃቸው ያገላብጡና ደህናውን ሳጥን ውስጥ፣ ትንሽ የተመታውን እግራቸው ሥር ወዳለው ባልዲ ይወረውራሉ። ተቀመጪ አላሏትም።

"እናትሽ እንዴት ናት? ጣቷ ተሻላት?"

"ደህና ነች፣ እትዬ። እርስዎ ከሚልኩልን ወዲህ ፊቷም ወዝ አወጣ፣ እግዜር ይስጥልን።"

"ጎበዝ ሰፊ ነበረች" አሉ እትዬ። "ሴቶች ልጆቼን ሁሉ እሷ ነች ያለበሰችልኝ። ሳሎኔ ወለል ላይ ተንበርክካ፣ መርፌዋን በአፏ ይዛ የቀሚሳቸውን ጫፍ ስትለካ አሁንም ትታየኛለች። ስንት ዓመት ቤቴ ስትገባ አንድም ቀን ወንበሬ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ቦታዋን የምታውቅ ሴት ነበረች።" አንድ ቲማቲም ባልዲው ውስጥ ጣሉ። "አንቺ እዚያው ወለል ላይ እመቤት ሆነሽ ልትመላለሺ ነው?"

ቅጠሌ አሁን መውጣት ነበረባት፤ አልወጣችም።

"እንዋደዳለን፣ እትዬ" አለች።

"መቼ ጠፋኝ! ባትዋደዱማ ምን አደከመኝ? ስሚ ልጄ፣ ነገር አላበዛም። ሐሙስ መኪናው ይመጣል ወይም ይቀራል። የምትወስኚው አንቺ ነሽ።"

"ሽማግሌዎቹ ምን አጠፉ?"

"ምንም አላጠፉም። እኔ መቼ ጨከንኩባቸው? ስሰጥ ኖሬያለሁ፣ ወደፊትም እሰጣለሁ። ከአፋቸው የሚነጥቅ ካለ አንቺ ነሽ።"

ቅጠሌ ከዚህ እርሻ በፊት ያንኳኳችው በር ሁሉ በዓይኗ ዞረ። ሌላ እሺ የሚል የለም። እናቷ የሻይ ብርጭቆ ይዛ፣ የነከረችው ዳቦ ተቆርሶ እንዳይወድቅባት ስትጠነቀቅ ታየቻት።

"እሺ፣ እተወዋለሁ" አለች።

"እሱ አይበቃም" አሉ እትዬ፤ አሁን ገና ቀና ብለው አይዋት። ዓይናቸው የልጃቸው ዓይን ነው፤ ይህ ነው የባሰባት። "ልጄን እኔ ነኝ የማውቀው። እናቴ ከለከለችኝ ካለ መሬቱንም እኔንም ጥሎ ይዞሽ ይሄዳል። ፈራች ካለ ደጅሽ ላይ ቆሞ ይለምንሻል። ተናቅሁ ካለ ግን ዞሮ አያይሽም። አባቱም እንደዚያው ነበር። እንድትንቂልኝ ነው የምፈልገው። እኔ እንዳልኩሽ የሰማ ቀን ደግሞ መኪናው ቆመ ማለት ነው።"

ከደህናው ሳጥን ቀያዮቹን መርጠው በፌስታል ሞሉላት። "ለእናትሽ" አሉ፤ ድምፃቸውም ደግ ነበር። አልወስድም ማለት ነበረባት። እናቷ ቲማቲም እንዴት እንደምትወድ አስባ ወሰደችው፤ መንገዱን ሁሉ የሄደችው ራሷን እየተጸየፈች ነው።

*

ልጁ ቀኑ ሐሙስ ሳይሆን፣ መኪናም ሳይዝ በእግሩ መጣ። ቅጠሌ ከአዳራሹ ጀርባ ከቧንቧው ሥር ባዶ ሳጥኖቹን ታጥባለች። የመንገዱ አቧራ ጫማውን አልብሶታል፤ ፊቱ ግን በራ።

"ነገርኳት!" አለ። "ምንም አላለችኝም። እናቴ ዝም ካለች ደግሞ እሺ ማለቷ ነው።"

ቅጠሌ ሳጥን መፈተጓን አላቆመችም። 

"ማን ንገራት አለህ?"

"እንዴት ማን አለህ ትይኛለሽ? ተነጋግረን የለ እንዴ?"

"አንተ ነህ የተናገርከው። እኔ መቼ አፌን ከፈትኩ?"

ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አብራው እስክትስቅ ጠበቀ። ሳትስቅ ስትቀር ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምን ታጠፋለህ? አንተ ጎመን ታመጣለህ፣ እኔ ፈገግ እልልሃለሁ፤ መኪናው እንዳይቀር። ሌላ ነገር ያለ መሰለህ እንዴ?"

"ቅጠሌ፣ ተይ አትቀልጂ።"

"እጅህን አይተኸዋል?" አለችው። በዓለም ላይ ከዚያ እጅ የምትወደው ነገር አልነበራትም፤ ስለዚህም መረጠችው። "ጥፍርህ ሥር ያለው ጭቃ በሳሙና አይለቅም። ዕድሜ ልኬን ከዚያ እጅ ጋር ልበላ? ልክህን እወቅ እንጂ።"

ሁለቱን እጆቹን ወደ ኋላው ወሰዳቸው። አንድ ትልቅ ሰው እጁን እንደዚያ ሲደብቅ አይታ አታውቅም። አንድ ቃል ቢጨምር፣ ቢሰድባት፣ ቢመታት እንኳ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሁሉን ትነግረው ነበር። እሱ ግን የታጠቡትን ሳጥኖች አየ።

"ቋጠሮውስ?" አለ በመጨረሻ። "ስትስቂለት አይቼሻለሁ። እሱም ለመኪናው ነበር?"

ይህንን ፈርታ ነበር። ሳጥኑን መሬት ላይ ጣለችውና ቀና ብላ ዓይኑን አየችው፤ ካላየችው አያምናትም።

"እናቴ ደስ ስላላት ነው የሳቅሁት። አንድ ቃጫ አስተሳሰር ለወጥክና ሰው የሆንክ መሰለህ?"

"መጀመሪያ ለእናትሽ ብዬ ነበር እኮ የጀመርኩት" አለ ልጁ። "ላንቺ የሆነው ኋላ ነው።"

ቧንቧው እየተንጠባጠበ ነበር። ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ ሌላ የሚያደርገው ነገር እንዳጣ ሰው፣ አጥብቆ ዘጋውና ሄደ። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ አየችው። አልዞረም። እትዬ ልጃቸውን በደንብ ያውቁታል።

ከዚያ ቅጠሌ ፊቷን ልትታጠብ ቧንቧውን ብትይዘው አልከፈት አላት። ሁለት እጇን አድርጋ ታገለችው። አልቻለችም፤ እዚያው እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

*

ሐሙስ መኪናው በሰዓቱ መጣ።

እትዬ ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው ነበር። ከመኪናው አልወረዱም፤ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ለአዛውንቶቹ ሰላምታ ሰጡ። አዛውንቶቹ ከየወንበራቸው ብድግ እያሉ መረቋቸው። ልጁ ሳጥኖቹን ያወርዳል። ቅጠሌን አላያትም። ሳጥን ሲያቀብላት እንኳ እጇ ላይ ሳይሆን እግሯ ሥር መሬት ላይ ያኖረዋል።

የመጀመሪያውን ሳጥን ከፈተች። የተንጠለጠለ ጫፍ የለም። ቃጫው በእርጥብነቱ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ ተቋጥሮ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ተቋጥሮ፣ ጫፉ ከሥሩ ተቆርጧል። መንገድ ላይ ሲደርቅ ይበልጥ ጠብቋል። ሁለተኛውም ሳጥን እንደዚያው ነው፤ ሦስተኛውም። ገና ሲነጋ ተቀምጦ፣ አንድ በአንድ፣ እሷን እያሰበ እንዳሰራቸው ገባት። እሷ እንድታየው ነው ያሰረው። የተናቀ ሰው ከናቀው ሰው በቀር ማንም አይታየውም፤ አዛውንቶቹ ትዝ ያሉት አይመስልም።

ጎመኑ በየዘንቢሉ ተከፋፈለ። እንደ ልማዳቸው እዚያው ፈትተው፣ የጠወለገ ቅጠል ካለ ለይተው ነው የሚሄዱት። ጥቂት ቆይቶ በአዳራሹ ሳቅና ወሬ መሐል ፀጥታ ገባ። ሁሉም ጎንበስ ብለው ይታገላሉ። እያንዳንዱ ጎረቤቱ የፈታ እየመሰለው፣ እሱ ብቻ ያቃተው እየመሰለው፣ ቀስ ብሎ ሰርቆ ያያል።

"እኔስ ዛሬ ብርዱ ነው መሰለኝ" አሉ ጡረተኛው ሾፌር ለመሳቅ እየሞከሩ። መጨረሻ ላይ ሰንጢያቸውን አውጥተው ቃጫቸውን ቆረጡ፤ የሌላውንም እየዞሩ መቁረጥ ያዙ።

እናቷ ዘንድ ሲደርሱ ግን ቆስጣዋን በእጇ ከለለችባቸው።

"ዕድሜዬን ክር ስፈታ ኖሬ ዛሬ በሰንጢ? ቆዩ፣ ጫፉን ላግኘው እንጂ።"

የቆስጣውን እስር አገላበጠችው። በጠማማ ጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰች፤ የለመደችውን ጫፍ ፈለገች። ከቋጠሮው ላይ አንዲት ጭራ አግኝታ ሳበች። ምንም። ደግማ ሳበች። ጥፍሯን ከተተች።

"እማዬ፣ ስጪኝ እኔ ልፍታልሽ።"

"እችላለሁ አልኩሽ።"

ቃጫውን ወደ አፏ ወሰደች። አሁን ጀርባዋን ማዞርም ረስታ ነበር። ልጁ የመጨረሻውን ሳጥን ይዞ በሩ ላይ የደረሰው ያኔ ነው። እግሩ ተተከለ። እናቷ ቀና ብላ አየችውና፣ ከአፏ ቃጫውን አውጥታ፣ እንደ ጥፋተኛ ፈገግ አለች።

"ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አለችው። "ያንተ ቋጠሮ ምንም አላጠፋም፤ ጣቶቼ ናቸው የከዱኝ። አንተማ ለኔ ብለህ ስንት ደከምክ።"

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። ሳጥኑን አስቀመጠ። ከዚያ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጠሌን አያት። ዓይኑ ይለምናት ነበር። አንዲት ቃል ብትሰጠው፣ ዋሽቼሃለሁ ብትለው፣ በጉልበቱ እየተሳበ የእያንዳንዱን አዛውንት ቋጠሮ በጥርሱ በፈታ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል።

ከውጭ የመኪናው ጡሩምባ አንድ ጊዜ፣ አጠር ብሎ ተሰማ። እትዬ ናቸው።

ቅጠሌ በአዳራሹ ውስጥ ያሉትን ዘንቢሎች አየች፤ ቀዩን ሥር፣ ካሮቱን፣ ከአፋቸው ሞልቶ የፈሰሰውን ሰላጣ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች። ልጁ ሲወጣ የበሩን ድምፅ ብቻ ሰማች። መኪናውም ተነሥቶ ሄደ።

እናቷ አጠገብ ተንበረከከችና እጆቿን ያዘች። "እማዬ፣ ጣትሽ አይደለም። ቋጠሮው ነው። ዛሬ ሌላ ዓይነት ነው ያሰረው፤ ለማንም አልተፈታም።"

"አታባብይኝ። ያ ልጅ እንዲህ አያደርግም" አለች እናቷ። "ምን በድለነው?"

ቅጠሌ ዙሪያዋን አየች። ሰው ሁሉ ይሰማል። እውነቱን ብትናገር፣ የያዙት ጎመን በምን ዋጋ እንደመጣ ቢያውቁ፣ ከእነዚህ ሰዎች አንዱም አይጎርሰውም፤ እናቷ ከሁሉ ቀድማ ትጥለዋለች።

"አየሽ?" አለች እናቷ ዝምታዋን አይታ። ጣቶቿን ከልጇ እጅ አስለቅቃ በነጠላዋ ሸፈነቻቸው። "ከሚመጣው ሐሙስ ጀምሮ የኔን ድርሻ መፍታት ለሚችል ስጪው። ሰው ፊት እንዲህ መሆን አልፈልግም። እኔ ዳቦዬን በሻይ እበላለሁ፤ እሱ ቋጠሮ የለው።"

"እማዬ..."

"በቃ አልኩሽ፣ ልጄ።"

ቅጠሌ የቆስጣውን እስር አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። በጥፍሯ ጀመረች። ጥፍሯ ተሰበረ። በሌላው ሞከረች። ቃጫው ጣቷን ቆርጦ ደም አወጣ እንጂ ንቅንቅ አላለም። እሷም አቃታት። እናቷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስለነበር ይህንን አላየችም።